ግራ እጄ፣ ደረጀ እና የአዋሳ ፈረሶች

የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ዝና ምን ያህል እንደነበረ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጋዜጣ ያገላብጣል። በእኛ ጊዜ፣ ሐዋሳ ገና አዋሳ ተብላ ስትጠራ፣ ጋዜጣው ዘግይቶ ይደርስ ነበር፤ ደርሶም ስለ እርሻ ዘመቻ እንጂ ስለ እኛ ብዙ አይጽፍም። የተሻለ መለኪያ ግን ነበረን፤ የጋሪ ፈረስ። ጋሪ ነጂዎች ፈረሶቻቸውን በተጫዋች ስም ይጠሩ ነበር። ተጫዋቹ ሲያገባ በስሙ የሚጠሩት ፈረሶች ይበዛሉ። ሲስት ደግሞ እሑድ በስሙ ሲሮጥ የዋለው ፈረስ ሰኞ ጠዋት ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። ፈረሱ በዚህ ቅር ሲለው አላየሁም።

በደረጀ ስም የሚጠሩ ፈረሶች ከገበያው እስከ ሐይቁ ዳር ሞልተው ነበር። አንድ ቀን አንዱ ነጂ «ደረጀ፣ ቁም!» ብሎ ሲጮህ ሦስት ጋሪ ባንዴ ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። በእኔ ስም የሚጠራ ፈረስ አልነበረም። አህያም አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ከእግር ኳስ ስለወጣሁ ነው። መጀመሪያ በተጫዋችነት፣ ቀጥሎ በታዳጊዎች አሰልጣኝነት ከኖርኩበት ሜዳ ጉልበቴ ጎትቶ አወጣኝ። አሁን በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ደብተርና ያገለገሉ መጻሕፍት የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ደንበኞቼ ደብተሩን ይገዛሉ፤ መጻሕፍቱን እኔ አነባቸዋለሁ። ወዳጆቼ ትዝታህን ጻፍ አሉኝ። ሲያብራሩልኝ «ስለ ደረጀ ጻፍ» ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ከመካከላቸው ደጋግ የሆኑት ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ። «እውነተኛው ጀግና ተከላካዩ ነበር፤ ሕዝብ ግን አያውቅም» ይሉኛል። ይህን ማጽናኛ አልቀበልም። ሕዝብ በደንብ ያውቃል። ማንም ሰው ሱቁን ዘግቶ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ ኳስ ከሜዳ ስትጠለዝ ሊያይ አይመጣም። እኔም ተከላካይ ባልሆን ኖሮ የማየው ደረጀን ነበር።

እግር ኳሰኛ ነበርኩ ስል የዛሬ ልጆች ቶሎ ደመወዜን ይጠይቁኛል። ደመወዜ የጆንያ ሸማኔ ደመወዝ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚጻፍ የለም። የቀጠረን ከቃጫ ጆንያ የሚሠራ ፋብሪካ ነው። ደረጀ በወረቀት ላይ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ መጋዘኑ የት እንዳለ ማወቁን ግን እጠራጠራለሁ። እኔ የምር እሸምን ነበር፤ ጠዋት ማሽን ላይ፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ።

ቡድኑ የሚሰጠን ትልቁ ነገር ከለላ ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ሲመጣ ፋብሪካው «ይህ ልጅ የቡድናችን ተጫዋች ነው» ብሎ ለቀበሌው ይናገርልናል። ከቡድኑ ለወጣ ሰው ግን የሚናገርለት የለም። ከእኔ በፊት የነበረው ስቶፐር፣ የመሐል ተከላካዩ፣ ጉልበተኛ የይርጋለም ልጅ ነበር። ከቡድኑ በተቀነሰ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ተላከ። ማሊያውን እኔ ወረስኩ። እሱ አልተመለሰም። ስለዚህ ሌሎቹ ለዋንጫ ሲጫወቱ እኔ ያች ማሊያ ከጀርባዬ እንዳትወልቅ እጫወት ነበር። ቲፎዞው «ታምሩ ጨዋታ አያውቅም፣ ፊቱ እንደ ቀበሌ ጥበቃ ነው» ይላል። ልክ ነው። አልተጫወትኩም፤ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

አሰልጣኛችን ጋሽ ስዩም ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ሲያያይዙ የኖሩ ሰው ነበሩ። እንደ አገሩ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «ወሪያ» እያለ ይጠራል። አንቱ ሲሉት ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ይፈልግ ነበርና ሁላችንም አንተ እንለዋለን። ጨዋታ ሲያይ ኳሷን አያይም። ኳሷ በዚያ በኩል ስትሆን እሱ በዚህ በኩል ኳስ የሌለንን የእኛን እግር ያያል። ጎል ሲገባ አጠገቡ ያለውን «ማን አገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላም ልማድ ነበረው፤ ካሸነፍን የሚነግረን ስሕተታችንን ብቻ ነው፤ ከተሸነፍን ደግሞ ደህና የሠራነውን ብቻ። ስለዚህ በሽንፈት ቀን እንጂ በድል ቀን አንወደውም ነበር።

ትልቁ ሥራው ገመዱ ነው። ከፋብሪካው ቃጫ ራሱ ገምዶ አራታችንን ተከላካዮች ወገብ ለወገብ አያይዞ ያስረን ነበር። «አራት ፉርጎ ናችሁ» ይላል። «ፉርጎ ብቻውን አይሄድም፤ ብቻውን ከሄደ አደጋ ነው።» እንደታሰርን ጉዱማሌ ሜዳ ላይ፣ የሐይቁ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ሲበትን፣ ወደፊት ወደኋላ ያመላልሰናል። አንዱ ከዘገየ ሌላው ይጎተታል፤ ቃጫ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። የቀኝ ተከላካያችን የማቴዎስ እናት የልጃቸው ወገብ ላይ ያለውን ቀይ መስመር አይተው፣ ታስሮ የተፈታ መስሏቸው አልቅሰዋል። በዚያ ዘመን እንዲህ ማሰብ ሞኝነት አልነበረም።

የገመዱ ዓላማ አንድ ነው። አጥቂው ኳስ ሊቀበል ሲል አራታችን ባንድ ቅጽበት ወደፊት ከወጣን፣ እሱ ከኋላችን ብቻውን ይቀራል፤ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሣል፤ ጨዋታ ውጪ ነው። ከአራታችን አንዱ ብቻ ከቀረ ግን አጥቂው ሕጋዊ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው በረኛው ብቻ ነው። መቼ እንደምንወጣ የምወስነው እኔ ነበርኩ። እንዴት ልንገራቸው? ስታዲየም ውስጥ ጩኸት አይሰማም። ጋሽ ስዩም መልሱን ያገኘው ሽመና ክፍል ሊጠይቀን መጥቶ ነው። እዚያም ከማሽኑ ድምፅ የተነሣ ሰው አይደማመጥም፤ ቀኝ እጅ ማሽኑ ላይ ስለሆነ የምንነጋገረው በግራ እጅ ነው። ግራ እጅ ቀጥ ብሎ ከተነሣ ሁሉም ማሽኑን ያቆማል። ጋሽ ስዩም ይህን አይቶ ሳቀ። «ወሪያ፣ ምልክታችሁ ይኸው!» አለ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጄን ሳነሣ ሦስቱ ይወጣሉ፤ እኔም እወጣለሁ። ዓመቱን ሙሉ ያገሩን አጥቂ ሁሉ አሳበድነው። ማንም አላጨበጨበልንም። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ሲነሣ ሕዝቡ የሚሳደበው ዳኛውን ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታ ቆመ።

ስለ ደረጀ እውነቱን ልናገር። ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት ቡድኑን ተቀላቀለ፤ በሁለተኛው ዓመት ፎቶግራፉ በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ከሙሽሮቹ መካከል ተሰቀለ። ሻይ ቤት ሲገባ ሒሳቡን ሌላ ሰው ይከፍላል፤ እኔ አብሬው ከገባሁ የእኔን እኔ እከፍላለሁ። ሜዳ ላይ አንድ አብዶ ነበረችው፤ ኳሷን ረግጦ ይቆማል፣ ተከላካዩን ያየዋል፣ ሰውየው የሚሄድበትን እስኪመርጥ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ በሌላው በኩል ያልፋል። ሌሎች በፍጥነት ያታልላሉ፤ እሱ ቆሞ ያታልል ነበር። በልምምድ ላይ ደጋግሞ አሳፍሮኛል። አንድ ቀን ምስጢሩን ጠየቅሁት።

«ምን ምስጢር አለው? አንተ ትቸኩላለህ። የሚቸኩል ሰው የፈራ ነው።»

«የምፈራውን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ኳሷ ግን አታውቅም፤ አትንገራት።»

በመኪና ስንጓዝ እኔ አነባለሁ፤ እሱ ያላግጣል። አንዴ መጽሐፌን ከእጄ ነጥቆ ሽፋኑን አየ።

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ ፈረንሳዮች አብዮት።»

«ማን አሸነፈ?»

«ገና አልጨረስኩትም።»

«ቶሎ ጨርሰውና ለጓድ ግዛቸው ንገረው፤ ሰውየው ተጨንቋል።»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። ጓድ ግዛቸው የፋብሪካችን ካድሬ ነው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። እሱም ሳቀ። ያን ቀልድ እኔ ብናገረው ኖሮ አይስቅም ነበር። ያኔ ይህን በቅናት ነው ያየሁት። በኋላ ሌላ ትርጉም ሰጠሁት።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ እዚሁ አዋሳ፣ ከአንድ የአዲስ አበባ ቡድን ጋር ነበር። አቻ ብንወጣ ዋንጫው የእኛ ነው። ደረጀ አገባ፤ ከዕረፍት መልስ እነሱ አገቡ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የዕለቱ የክብር እንግዳ ደረሱ። በዚያ ዘመን እንግዳ የሚያረፍደው በሥልጣኑ ልክ ነው፤ እኚህ በጣም ትልቅ ሰው መሆን አለባቸው። ጓድ ግዛቸው ማይክሮፎኑን አንሥቶ «ወደፊት!» ሲል ስታዲየሙ በሙሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ የግራ እጅ ጫካ ሆነ። ዳኛው ግን አላፏጨም። ኳሷም መፈክር አታውቅም።

ያን ዘመን ላላየ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። መፈክር ሲሰማ እጁን የሚያነሣው ሰውየው አይደለም፤ እጁ በራሱ ነው የሚነሣው። በቀበሌ፣ በፋብሪካ፣ በሰልፍ፣ በቀብር እንኳ ሳይቀር እናነሣ ነበር። ያላነሣ ይታያል፤ የታየ ይጠራል። እጃችን ከእኛ ቀድሞ መፍራት ተምሮ ነበር። የእኔም ግራ እጅ ተነሣች።

ሦስቱ አዩኝ። ማቴዎስና ሁለቱ ጓደኞቼ እንደ ፉርጎ ተያይዘው ባንድ ቅጽበት ወጡ። እንዲህ ያማረ አወጣጥ ዓመቱን ሙሉ አልወጣንም። እኔ ግን መውጣት አላሰብኩም ነበርና ቆሜ ቀረሁ። ሁለት አጥቂዎች በግራዬና በቀኜ አለፉ። ወደ መስመር ዳኛው ዞርኩ፤ ባንዲራው ወደ መሬት እንደተዘቀዘቀ ነው፤ ልክ ነበር። ሁለቱንም ሕጋዊ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ኳሷ መረቡን ስትመታ እጄ አሁንም ወደ ላይ ነበረች።

ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ስዩም መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ሣር እየነቀለ በጣቱ ጠቀለለ።

«ወሪያ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ዛሬ ቴስታህ ጥሩ ነበር።»

ስወጣ ድንጋይ የወረወረ ሰው ነበር። አልሳተኝም፤ ከአጥቂዎቻችን ይሻላል። እኛን ከፋብሪካ ሜዳ የሚያመላልሰን ጋሪ ነጂ ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ የቱላ ሰው ናቸው። ሲዳምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ ያወራሉ። ጨዋታ የሚያዩት ከጎሉ ጀርባ ካለው አጥር ውጪ፣ ጋሪያቸው ላይ ቆመው ነው፤ ሳይከፍሉ። ፈረሳቸው ያኔ «ደረጀ» ነበር። ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ታምሩ፣ ልጄ፣ ዛሬ አንተን ጭኜ በገበያ ባልፍ ፈረሴን ይወግሩብኛል። ፈረሱ ምን አደረገ? በእግርህ ሂድ። ነገ ግን ና፤ እወስድሃለሁ።»

በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ጎሉ አልነበረም። ስለዚያ የይርጋለም ልጅ ነበር።

በዚያው ሳምንት በፋብሪካው የውይይት ክበብ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለሂስ ይባላል። ተጫዋቾቹ ከፊት፣ ሠራተኛው ከኋላ፣ ጓድ ግዛቸው ከመድረኩ ጠረጴዛ በስተጀርባ። ምልክታችንን አንድ ሰው ነግሮታል።

«ጓድ ታምሩ» አለ፣ «ግራ እጅ ሲነሣ ተከላካዩ ይወጣል አይደል?»

«አዎ።»

«አንተ አነሣህ። እነሱ ወጡ። አንተ ቀረህ። ይህ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል?»

በእነሱ ቋንቋ አሻጥር እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ከፊቴ ሁለት መልስ ነበር። ምልክት ሰጥቻለሁ ካልኩ ጨዋታውን ሸጫለሁ። ለመፈክሩ ነው ያነሣሁት ካልኩ ደግሞ ጎሉን ያገባው መፈክሩ ነው ማለቴ ነው፤ ይህን የሚል ሰው ከቡድን መውጣት ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። እውነቱ ሁለተኛው ነበር። ተነሥቼ ልናገረው ቆርጬ ነበር፤ ከሄድኩም እውነቱን ተናግሬ ልሂድ አልኩ። አፌን ስከፍት ከጎኔ ወንበር ተንቋቋ።

«ሥነ ሥርዓት፣ ጓድ ሰብሳቢ!»

ደረጀ ነው። ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

«እናዳምጥሃለን፣ ጓድ ደረጀ።»

«ይሄ ልጅ እጁን ያነሣው እርስዎ ‹ወደፊት› ሲሉ ነው። እኔም አንሥቻለሁ። በረኛውም አንሥቷል፤ ኳሷን ለመያዝ ይሁን ለአብዮቱ እስካሁን አልነገረኝም።»

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ደረጀ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ኳስ ረግጦ እንደሚጠብቀው።

«እጅ ማንሣቱ ጥፋት ነው ከተባለ፣ ይወሰንና ይነገረን። ለሚቀጥለው ጨዋታ እንዳናነሣ። ጥፋት አይደለም ከተባለ ደግሞ፣ ልጁ በምን ይጠየቃል?»

ቆሞ ጓድ ግዛቸውን አየው። ሰውየው የሚሄድበትን እስኪመርጥ ጠበቀው። ጓድ ግዛቸው ወደ ግራ ቢሄድ መፈክር መመለስ ጥፋት ነው ማለቱ ነው፤ ወደ ቀኝ ቢሄድ እኔ ነፃ ነኝ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ደረጀን እያየ ፈገግ ብሏል።

«እጅ ማንሣት ጥፋት ነው ያለ የለም» አለ በመጨረሻ።

«አመሰግናለሁ፣ ጓድ» ብሎ ደረጀ ተቀመጠ።

ጋሽ ስዩም ከጥግ ሆኖ «ወሪያ፣ ስብሰባው ካለቀ ልጆቹ ልምምድ አላቸው» አለ።

ብዙ መጻሕፍት ስለ ዝና ከንቱነት ይናገራሉ። ሱቄ ውስጥ ራሱ ጥቂት አሉ፤ ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ዝነኞች ናቸው። እኔ ግን ዝና ምን እንደሚሠራ በዚያ አዳራሽ አየሁ። እኔ ልናገረው የነበረውና ደረጀ የተናገረው አንድ ነገር ነው። ከእኔ አፍ ቢወጣ ክስ ነበር፤ ከእሱ አፍ ስለወጣ ሳቅ ሆነ። በኳስ ያለው ልዩነታችን ያን ያህል ሰፊ አልነበረም፤ እሱ ሠላሳ ጊዜ ሲያልፈኝ እኔ ሃያ ጊዜ አስቆመዋለሁ። ትልቁ ልዩነት አንድን ቃል ስንናገር ምን ይደርስብናል የሚለው ላይ ነበር። ሰው የወደደው ሰው የሚናገርበት ትንሽ ሜዳ አለው። ብዙዎቹ ዝነኞች ያን ሜዳ የሻይ ሒሳብ ላለመክፈል ብቻ ሲጠቀሙበት ኖረው ያልፋሉ። ደረጀ ለአንድ ስቶፐር አዋለው።

በነፃ አልሆነም። በክረምቱ ለብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ወደ ውጭ ሊጓዝ ነበር። ለጉዞ ከፋብሪካው የድጋፍ ቃል ያስፈልጋል። ጓድ ግዛቸው አልከለከለውም፤ ዝም ብቻ አለ። ዝምታው አውሮፕላኑ እስኪሄድ ቆየ። በሚቀጥለው ምርጫ ሌላ ልጅ ተተክቶ ነበር። ዛሬ ድረስ ሱቄ የሚመጡ ሽማግሌ ቲፎዞዎች «ያ ሁሉ ችሎታ እያለው ለምን ለአገሩ ሳይጫወት ቀረ?» ይላሉ። አንዱ መጠጥ ነው ይላል፣ ሌላው ሴት። ሁለቱም አልነበሩም።

እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ወሰንኩ። ይህ ማሊያ ሁለተኛ በፍርሃት አይለበስም አልኩ። ለጋሽ ስዩም ምልክቱን እንለውጥ ስለው ቀድሞኝ አስቦበታል።

«ቀኝ እጅ ይሁን» አለ። «ግራው የመንግሥት ነው።»

ማቴዎስ ጴንጤ ነው፤ ጉባኤያቸው ስለተዘጋ በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት። ቀስ ብሎ «ሁለቱንም የምናነሣበት ሌላ ቦታ አለን» አለ። ማንም አልሰማም ብለን ሁላችንም ተስማማን።

ምልክት መለወጥ ቀላል ነው፤ ግራዬ ከተነሣች ግን ሦስቱ በልማድ ይወጣሉና እጅን ማስተማር ዓመት ፈጀ። ጋሽ ስዩም የገመዱን ጫፍ አስረዝሞ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር ያስረዋል። ከዚያ ደረጀ ከጎሉ ጀርባ ተቀምጦ፣ ሳላስበው፣ ኳስ ወደኛ ስትመጣ «ወደፊት!» ብሎ ይጮሃል። እጄ ሁልጊዜ ገመዱን ትጎትታለች። ቃጫው የእጄን አንጓ ላጠው። አንድ ቀን በሜዳው ዳር ከብት ይዞ የሚያልፍ ሰው ጩኸቱን ሲሰማ ዱላውን ጥሎ ግራ እጁን አነሣ። ደረጀ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሰውዬ እኔ ነበርኩ። በበነጋው ቀድሜ መጥቼ ራሴ አሰርኩት።

ከብዙ ወራት በኋላ ደረጀ ጮኸ፤ እጄም አልተንቀሳቀሰችም። ጋሽ ስዩም መጥቶ ገመዱን ፈታው።

በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ያው ቡድን መጣ። ያው የክብር እንግዳ ይሁኑ ሌላ አላውቅም፤ ብቻ አረፈዱ። አንድ ለባዶ እየመራን ነው፤ የእነሱ አማካይ ኳሷን ይዞ ቀና ብሏል፤ ሁለቱ አጥቂዎች ትከሻዬ ላይ ናቸው። «ወደፊት!» የሚለው ድምፅ ከማይክሮፎኑ ወጣ። ስታዲየሙ ተነሣ። ግራ እጄ ከታፋዬ አልተነቃነቀችም። አማካዩ እግሩን ሲያነሣ ቀኝ እጄን አነሣሁ፤ አራታችንም ወጣን። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ብድግ አለ።

ከዚያ ሁሉ ሺህ የግራ እጅ መካከል ቀኙን ያነሣሁ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ማንም አላየኝም። ደረጀ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ግራ እጁን እያወዛወዘ ዙሪያውን ይዞር ነበር፤ ሕዝቡ «ደረጀ! ደረጀ!» ይላል፤ ጓድ ግዛቸውም እሱን ያያል። ዓይን ሁሉ ወደ እሱ የሄደው በአጋጣሚ ይሁን አውቆ ሠርቶት ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሶልኝ አያውቅም። የእሱ መታወቅ አንድ ጊዜ አፍ ሆኖልኛል። የእኔ አለመታወቅ ደግሞ ያን ቀን እጄን ነፃ አወጣት። ዋንጫውን ወሰድን። ጋሽ ስዩም መልበሻ ክፍል ገብቶ «ወሪያ፣ ቴስታህ ዛሬ አስቀያሚ ነበር» አለኝ። ከእሱ ከሰማሁት ሁሉ እጅግ ደስ ያለኝ ቃል ይህ ነው።

አንድ ሰው ብቻ አይቶኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ዳንጊሶ አዲስ ፈረስ ገዙ። የቀድሞው «ደረጀ» በአንድ የሰልፍ ቀን መፈክር ሲያስደነብረው ጋሪውን ከነሰዎቹ ገልብጧል። አዲሱ ዳማ፣ አንገተ ወፍራም፣ የማይቸኩል ነው። ልሳፈር ስል፦

«ታምሩ፣ ና!» አሉ። ዞርኩ። የጠሩት ፈረሱን ነው።

«ምነው፣ ጋሽ ዳንጊሶ? በእኔ ስም?»

«ምን ላድርግ? አይሮጥም። መልኩም አያምርም።» የፈረሱን አንገት መታ መታ አደረጉት። «ግን በሰልፍ መካከል አቆምኩት፤ ሕዝቡ ሁሉ ሲጮህ ጆሮውን አላነሣም። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ከአጥር ውጪ ሆኜ አይቻለሁ።»

ሌሎቹ ነጂዎች ሳቁባቸው። እሳቸው ስሙን አልለወጡም። እኔ ስስትም አልለወጡም።

ደርግ ወደቀ፤ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ጋሪ በባጃጅ ተተካ። ጋሽ ስዩም ድሬዳዋ ተመልሶ አረፈ፤ ገመዱ ግን እኔ ዘንድ ነው። ደረጀ አሁን ቱላ መንገድ ዳር ድንችና ጎመን ይነግዳል። ባለፈው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ልጽፍ መሆኑን ልነግረው ሄድኩ። ድንች እያራገፈ ነበር።

«ስለዚያ ስብሰባ ልጽፍ ነው» አልኩት።

«የቱ ስብሰባ?»

«ታውቀዋለህ። አውሮፕላኑን ያስቀረብህ።»

«እኔ አውሮፕላን እፈራለሁ» አለ። ከረጢቱን አስቀመጠ፤ እጁን በሱሪው ጠረገ። «ይልቅ የእኔ ፈረስ ስንት ነበር፣ ያንተስ ስንት? እሱን ጻፍ።»

«የአንተ ብዙ። የእኔ አንድ።»

«ልክ ነው። እንዳታዛባው።»

ተሰናብቼው ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ፣ በዚያ የጉዱማሌ ድምፁ፣ ገበያተኛው ሁሉ እስኪደነግጥ «ወደፊት!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ጎመን ሻጭ አሮጊት ሳያስቡት ግራ እጃቸው ተነሣ።

የእኔ እጅ ቦታዋ ላይ ነበረች። ሳልዞር መንገዴን ቀጠልኩ፤ ከኋላዬ ሳቁ ይሰማኛል።